መንጦላዕት ያላት ክፍል

ወደዚህ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከመጣች ገና አራት ወር ያልሞላት አንዲት እኅት ባለፈው ሳምንት ከሰብያ ጽፋልኝ ነበር። «እትዬ፣ ያለሁባት ክፍል አራት ነጭ ግድግዳና አንዲት አልጋ ናት፤ ጧት ስነሣ የትኛው ወር እንደ ሆነ፣ ጾም ይሁን በዓል አይለይልኝም፤ ክፍሌ የሰው ቤት እንድትመስል፣ እኔም በውስጧ ክርስቲያን መሆኔን እንዳልረሳ ምን ላድርጋት?» ትላለች። መልሱን ለእርስዋ ብቻ ልጽፍ ብጀምርም፣ ነገሩ ከጂዛን እስከ አቡ ዓሪሽ፣ ከሳምጣህ እስከ ናጅራን በሰው ቤት ለምንኖር ሁሉ የጋራ ጭንቀት ስለ ሆነ፣ እኔም በእነዚህ ከተሞች ባሳለፍኋቸው ዐሥራ አራት ዓመታት ብዙ ሌሊት ያሰብሁበት ስለ ሆነ፣ በዚህ ቻናል ረዘም አድርጌ ላቀርበው ወደድሁ።

ጂዛን በቀይ ባሕር ዳር የተዘረጋች ቆላ ናት። አገራችን ብርዱ በሚበረታበት በጥር ወር እንኳ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከሰኔ በኋላ ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅና ከሜዳው የሚነሣው አቧራ ተደባልቀው መስኮት የማይከፈትበት ጊዜ ይሆናል። ባገራችን መስከረም ሲጠባ ሜዳው ራሱ አደይ ለብሶ ይሰብካል፤ ወንዙ ሲጎድል፣ እህሉ ሲያሸት፣ ውርጭ ሲወርድ ሰው መጽሐፍ ሳይገልጥ ዘመኑን ያውቃል። እዚህ ግን ውጪው ዝም ስለሚል፣ ዘመንን የምትናገረው ክፍሊቱ ራስዋ መሆን አለባት፤ ክፍልን ስለ ማስጌጥ ያለኝ አሳብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች አንዲት ነገር ነው። በዕቃ ብዛት ክፍል ትሞላ ይሆናል፤ ዘመንን እየተከተለች ስትለብስና ስትራቆት፣ ስታብብና ስትጾም ግን ከባለቤትዋ ጋር አብራ የምትኖር ነፍስ ያላት ትመስላለች።

ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩና፣ ማታ ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ዓመቱ አራት ክፍላተ ዘመን እንዳለው፣ መፀው መስከረም 26፣ ሐጋይ ታኅሣሥ 26፣ ጸደይ መጋቢት 26፣ ክረምትም ሰኔ 26 ቀን እንደሚገቡ፣ ቅዱስ ያሬድም በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ ለየዘመኑ የሚስማማውን ዜማ እንደ ደረሰ ይነግሩን ነበር። ሴት ልጅ ነበርሁና ከማኅሌቱ አልቆምሁም፤ ቁጥሩ ግን በልቤ ቀርቶ፣ የዓረቡም የፈረንጁም ቀን በሚቆጠርበት አገር ዛሬ ድረስ የምመራው በእርሱ ነው። ጂዛንና አገራችን በአንድ ሰዓት መቁጠራቸውም ለእኔ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ እናቴ ለኪዳን በተነሣችበት ሰዓት እኔም እነሣለሁ።

አሁን ወደ ክፍሊቱ ልግባ። የመጀመሪያዋ ማደሪያዬ ከማድ ቤቱ ጋር የተያያዘች፣ ርዝመትዋ ሦስት፣ ወርድዋ ሁለት ሜትር የማትሞላ፣ በርዋ ቁልፍ የሌለው ጓዳ ነበረች። በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን እንደማይሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ በመጣሁበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011፣ በጂዳ ከተማ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም 29ኙ ሴቶች፣ ተይዘው መታሰራቸውን ሰምተን ስለ ነበር፣ ያመጣኋትን ትንሽ የእመቤታችን ሥዕል ከሻንጣዬ ለማውጣት ወራት ፈጀብኝ። ጌጥ የተከለከለችው ክፍሌ ብቻ ሳትሆን ነፍሴም ጭምር መስሎኝ አለቅስ ነበር።

አንድ ሌሊት ግን የደብራችን ሕንፃ በኅሊናዬ መጣ። ከውጪ ሲገቡ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከሁሉም ውስጥ መቅደስ አለ፤ በመቅደሱም ደጃፍ መንጦላዕት ይዘረጋል፤ ታቦቱ ከመንጦላዕቱ ወዲያ በመጐናጸፊያ ተሸፍኖ ይኖራል፤ በጥምቀት ቀን እንኳ ሕዝቡ የሚያየው ልብሱን ነው። እናቴ ስልሳ ዓመት ስትሳለመው የኖረችውን ነገር በዓይንዋ አይታው አታውቅም፤ በዚህም አንድ ቀን ስታዝን አልሰማኋትም። እንግዲያስ በእኛ ሥርዐት የከበረው ሁሉ የተጋረደ ከሆነ፣ የእኔ ሥዕል በቁም ሣጥን ውስጥ መኖርዋ ስለምን ውርደት ይሆናል? የጥንት ሠዓሊዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ፍሬ ጽዮን የተባለው ታላቅ ሠዓሊ ከኖረበት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ከነገሡት ንጉሥ ዘመን አንሥቶ፣ በእንጨት ገበታ ላይ እየተሣሉ እንደ መጽሐፍ የሚዘጉና የሚከፈቱ፣ አንዳንዶቹም በአንገት የሚንጠለጠሉ ትንንሽ ሥዕሎች በአገራችን ተሠርተዋል። መንገደኛ መነኩሴ ሲጓዝ ይዘጋዋል፣ ሲያድር ይከፍተዋል፤ በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ቤተ ጸሎት ይሆንለታል።

ስለዚህ እኔም የቁም ሣጥኔን አንዱን ክንፍ እንዲህ አደረግሁት፤ እናንተም ብትወዱ እንዲሁ አድርጉ። ከውስጥ በኩል ያለውን እንጨት በደረቅ ጨርቅ ደኅና አድርጌ ጠረግሁና፣ ጥለቱ የቀረ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ወጠርሁበት፤ ጥለቱ ከግርጌ እንዲውል አደረግሁ፤ ሥዕሏን በመካከል አኑሬ በፊትዋ ከሌላ ስስ ነጠላ የተሰፋች መጋረጃ በክር አንጠለጠልሁ። ከሥርዋ ባለው መደርደሪያ ላይ ውዳሴ ማርያምና በባትሪ የምትበራ ትንሽ መብራት አሉ፤ ጧፍ በማይበራበት ቤት መብራቷ ታገለግላለች። ክንፉ ሲዘጋ ክፍሊቱ የማንም ሠራተኛ ክፍል ናት። ሲከፈት ግን፣ እመኑኝ፣ ከዚያች ጠባብ ጓዳ የሚሰፋ ቦታ በጂዛን ሁሉ አላየሁም።

ከተጋረደው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ማንም ሳይከለክለን በግልጽ ይወጣል፤ እርሱም ዕጣን ነው። የዚህ አገር ሰው ቤቱን ሳያጥን እንግዳ አይቀበልምና፣ ከክፍላችሁ ጢስ ቢወጣ የሚደነቅ የለም። ከትግራይና ከመተማ በረሃዎች የሚለቀመው ነጭ ዕጣናችን ወደ ዓረብ አገር የሚሻገር የቆየ ንግድ ስለ ሆነ፣ ከገበያው ሊባን ብላችሁ ስትገዙ ምናልባት የአገራችሁን ዛፍ እንባ ትገዙ ይሆናል።

ዘመናቱን አንድ በአንድ አልዘረዝርም፤ የምወድደውን ዘመነ ጽጌን ግን እንዴት እዘለዋለሁ! ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደድዋን ቤተ ክርስቲያናችን በአበባ እየመሰለች ታስባለች፤ አባ ጽጌ ድንግል የደረሰው ማኅሌተ ጽጌም በየእሑዱ ሌሊት ይቆማል። በሰው አገር ላለች ሴት ከዚህ የሚቀርብ ዘመን የለም፤ ሄሮድስን ሽሽት የሄደችው እናት የማታውቀው ቋንቋ በሚነገርበት ምድር ውኃ ለምና ጠጥታለችና። ጂዛን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ሲያዘጋጅልን፣ የአበባ አገር ናት። ዓረቦቹ ፉል የሚሉት፣ ስሙ ከምንበላው ባቄላ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ የሆነ ነጭ ሽቱ አበባ በዚህ አውራጃ በብዛት ይበቅላል፤ ሴቶቹ በክር ሰክተው ለሠርግ በራሳቸውና በአንገታቸው ያደርጉታል፤ የተራራው ሽማግሌዎችም ከበሶብላችን ጋር ዘመድ የሆነውን ሪሓን በጠጕራቸው ይሰካሉ። የምሠራበት ቤት አሮጊት እናት አንድ ቀን ከሠርግ ስትመለስ የአንገትዋን ፉል አውልቃ «ውሰጂው፣ ክፍልሽን ያሸትልሽ» ብላ ሰጠችኝ። ወስጄ በውኃ ሣሕን አድርጌ ከክንፉ ሥር አኖርሁት። ለምን እንደ ፈለግሁት አልጠየቀችኝም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሠርግ በኖረ ቁጥር አበባው ለእኔ ሆነ። አደይ ቢጫ ነው፣ ይህ ነጭ ነው፤ መጀመሪያ ከፋኝ፣ ኋላ ግን ነጩ ለድንግል ይበልጥ የተገባ ሆኖ ታየኝ።

ኅዳር 26 ቀን ደግሞ ለእኛ ለእነዚህ ከተሞች ሰዎች የተለየ ዝክር አለን። እ.ኤ.አ. በ523 ንጉሡ ዙ ኑዋስ የናጅራንን ክርስቲያኖች ከነቅዱስ ኂሩት በእሳትና በሰይፍ ፈጃቸው፤ በ525 የአክሱሙ ንጉሥ ዐፄ ካሌብ በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ደረሰላቸው፤ ስንክሳራችንም ሰማዕታቱን በዚህ ቀን ያስባቸዋል። ቅዱስ ያሬድን በዘመኑ ያፈራው ገብረ መስቀልም የዚህ የካሌብ ልጅ ነበር። የጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ፣ አል ኡኽዱድ፣ ዛሬም በናጅራን ይታያል። ስለዚህ የደቡብን ድንበር ባዕድ ምድር ብቻ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። በዚያች ሌሊት ከክንፉ አበባውን ሁሉ አንሥቼ አንድ ቀይ ክር ብቻ አንጠለጥላለሁ፤ በየመን በረሃ፣ በሰዓዳ በኩል በእግራቸው ሲመጡ በእነዚህ ተራሮች ላይ የቀሩትን፣ መቃብራቸው የማይታወቀውን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንንም ከሰማዕታቱ ጋር በጸሎት አስባለሁ። እናቶቻቸው አሁንም ስልክ ይጠብቃሉ።

ገናና ጥምቀት ቀላል ናቸው፤ ንጹሕ ነጭ ልብስና በሣሕን ያለ ውኃ ይበቃቸዋል። በገና ቀን ግን ከፈይፋ ተራራ የወረደ ቡና ፈልጋችሁ አፍሉ፤ የዚህ አውራጃ ተራራዎች የሚያበቅሉት የኸውላኒ ቡና አመራረቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ መዝገብ የገባለት ነው፤ ጀበናውም ሲኒውም ባይኖር ጠረኑ ክፍሊቱን ያገር ቤት ያደርጋታል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ማስጌጥ ማለት ማንሣት ይሆናል። በእነዚያ 55 ቀናት ጥለት ያለውን ነጠላ አጥፌ አስቀምጣለሁ፣ አበባ አላስገባም፣ የአልጋ ልብሱንም ወደ ተራው እለውጣለሁ፤ ክፍሊቱ ስትራብ እያየሁ ልቤም ይጾማል። በሰሙነ ሕማማት ካህናቱ ጥቁር ለብሰው ቤተ ክርስቲያኑም ጥቁር ሲጋርድ፣ እኔም ካረጀች ዓባያዬ የቆረጥሁትን ጨርቅ በሥዕሏ ፊት እዘረጋለሁ። ያች ጨርቅ ዓመቱን ሙሉ በገበያ የምለብሳት የዚህ አገር ልብስ ነበረች፤ ለጌታዬ ሐዘን ስትውል ባየኋት ጊዜ ለልብሱ የነበረኝ ጥላቻ ከልቤ ወጣ። ለሆሣዕና ዘንባባ አያሳስባችሁም፤ በመንገዱ ሁሉ ተምር አለ፤ ሲገረዝ ከወደቀው አንድ ቅጠል አንሥቶ በጣት የሚጠለቅ ቀለበት መጐንጐን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በቀዳም ስዑር ካህናቱ በየቤቱ የሚያድሉትን ቄጠማ ግን ለብዙ ዓመት ሳላገኝ ቆየሁ። ዛሬ በአቡ ዓሪሽ ከሦስት ሴቶች ጋር በተከራየናት ክፍል የምትኖር አንዲት የወሎ እስላም እኅት አለችን፤ ሥራዋ ከከተማው ዳር ካለ እርሻ አጠገብ ነው። በዚያ ለከብት የሚያጭዱትን ለጋ የማሽላ ቅጠል አይታ፣ «ለበዓላችሁ ጐዝጕዙት፣ እኛም ቤት ለበዓል ይጐዘጐዝ ነበር» ብላ አንድ እቅፍ ተሸክማ ገባች። ማሽላ የአገራችንም እህል ነውና፣ ወለሉ ላይ ሲረገጥ የወጣው ጠረን የአባቴን አውድማ አመጣብኝ። ዒድ ሲደርስ እኛ ክፍሊቱን እናጥባለን፣ ዕጣኑንም እናጨሳለን፤ እርስዋ አርፋ ትቀመጣለች።

ክረምቱን በአጭሩ ልለፈው። አቧራው በሚበረታበት በነሐሴ ፍልሰታ ይገባል፤ መስኮቱን በርጥብ ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። ለቡሄ፣ በነሐሴ 13፣ ሙልሙሉን እዚህ ሚፋ በሚሉት የሸክላ ምድጃ ጋግረነዋል፤ ከአገሩ ምጣድ የሚያንስ አይደለም።

ከምትገዙት ዕቃ ሁሉ የሚታጠፈውን ምረጡ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በጥቂት ወራት ከዚህ አገር ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ የብዙዎቹ የዓመታት ጥሪት በር ላይ ሲቀር አይቻለሁ። የእኔ ክንፍ፣ ነጠላውም፣ ሥዕሏም፣ ጥቁሩ ጨርቅም፣ ቀዩ ክርም፣ ተጠቅልሎ በአንድ እጅ ቦርሳ ይገባል።

እንግዲህ አንቺ የሰብያ እኅቴ፣ መስከረም 26 ሳይደርስ የቁም ሣጥንሽን ክንፍ ጠርገሽ ቆዪ። ፉሉን ስታገኚ ከክሩ አውጥተሽ አፈ ሰፊ በሆነ ሣሕን በቀዝቃዛ ውኃ ላይ አንሳፍፊው፤ ከማቀዝቀዣው ነፋስ ፊት ግን አታኑሪው፣ ቶሎ ይጠወልግብሻል።