ሰደድ እሳት ከመድረሱ በፊት የሚነበብ ውል

በአሶሳ ዙሪያ ዝናቡ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ይቆማል። በክረምት ከሰው ቁመት በላይ የበቀለው ሳር በጥቂት ሳምንታት ይደርቅና ከኅዳር ጀምሮ በሆሞሻ፣ በመንጌና በባምባሲ ኮረብቶች ላይ ማታ ማታ ቀይ መስመር ይታያል። የአካባቢው ሰው በዚህ አይደነግጥም። ገበሬው ማሳ ሲመነጥር፣ ማር ቆራጩ ንቡን በጭስ ሲያባርር፣ አዳኙ አውሬውን ከጥሻ ሲያስወጣ፣ አርቢው ለከብቱ ለምለም ሳር ሲፈልግ የሚለኩሰው እሳት ነው። ቃጠሎ በሚያሳዩ የሳተላይት ካርታዎች ላይም ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ በየበጋው በቀይ ነጠብጣብ ይሞላሉ።

ነፋስ ካልገባበት አብዛኛው እሳት ሳሩን በልቶ ይከስማል። ነፋስ ሲገባበት መንደር ይደርሳል።

አሶሳ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሀገሪቱ የቆላ ቀርከሃ ከፍተኛውን ድርሻ ይዟል። ይህ ቀርከሃ ለአስርተ ዓመታት ኖሮ በጅምላ ያብብና በጅምላ ይሞታል። ያኔ ጫካው ደርቆ የቆመ ማገዶ ይሆናል። የበርታና የጉሙዝ ገጠር ቤት ደግሞ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሳር ነው። ከሩቅ በነፋስ የመጣች አንዲት ፍንጣሪ ክዳኑ ላይ ካረፈች ባልዲ ውሃ እስኪመጣ አትጠብቅም። በአሶሳ ከተማ ያለው ብሎኬትና ቆርቆሮ ይሻላል፤ ሆኖም በጓሮው የተከመረ ድርቆሽ፣ ቀርከሃ አጥርና ለብቻው የተሠራ ማድ ቤት ካለ ልዩነቱ የሚታሰበውን ያህል ሰፊ አይደለም።

ቤቱ ቢቃጠል ኪሳራውን ማን ይሸፍናል? በኢትዮጵያ የመድን ገበያ ቤትን የሚመለከተው ዋነኛ ውል የእሳትና የመብረቅ መድን ይባላል። በመሠረቱ የሚይዘው ስሙ ላይ ያሉትን ሁለቱን አደጋዎች ነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አውሎ ነፋስና የመሳሰሉት ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። ንግዱ ለሀገሩ እንግዳ አይደለም፤ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል የመድን ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በእነሱም ምትክ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ቆመ። የግል ኩባንያዎች ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ተመልሰው ዛሬ በገበያው 18 መድን ሰጪዎች አሉ። ገቢያቸው ግን በአመዛኙ ከተሽከርካሪ ነው። ባለ መኪና ሕግ ስለሚያስገድደው ይገዛል፤ ባለ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ባንክ ሲያበድረው ነው።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ለባንክ ተብሎ የተገዛ ፖሊሲ ከባንኩ ፋይል ውስጥ ይተኛል፤ ባለቤቱ በየዓመቱ አረቦኑን እየከፈለ ምን እንደገዛ ሳያውቅ ይኖራል። ቤቱ ቢቃጠል ካሳው በቅድሚያ ለብድሩ እንደሚውል እንኳ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

ቢያነበው ከሁሉ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት አንድ አንቀጽ አለ። ከብሪታንያ ተነስቶ በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እየተገለበጠ የኖረው የእሳት ውል፣ የማይሸፈኑትን ሲዘረዝር የደን፣ የቁጥቋጦና የሳር ሜዳ ቃጠሎን፣ እንዲሁም መሬት ለመመንጠር በተለኮሰ እሳት የደረሰ ጉዳትን ይጨምራል፤ በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር አይከፈልባቸውም። ለለንደን ቤት ይህ ዓረፍተ ነገር ጌጥ ነው። ለባምባሲ ቤት ግን የተገለለው ዋናው አደጋ ራሱ ነው። አንቀጹ በእጁ ባለው ውል ላይ መኖር አለመኖሩን የሚነግረው ያው ወረቀቱ ብቻ ነው። ካለ፣ የሰደድ እሳት ሽፋን በተጨማሪ ውል እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ ግን ማኅተም ያረፈበት ጽሑፍ ይሁን። ወኪሉ በቃል «ግድ የለም፣ ይሸፈናል» ማለቱ እሳቱ ካለፈ በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ጣጣ ገንዘቡ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚመጣ የግንባታ ዕቃም አብሮ ተሰቅሏል። በ2014 ዓ.ም. ቤቱን በ2 ሚሊዮን ብር መድን ያስገባ ሰው ዛሬ መልሶ ለመሥራት 4 ሚሊዮን ቢያስፈልገው፣ በመድን ቋንቋ ለግማሹ ቤት ራሱ ዋስ ሆኗል ማለት ነው። እሳቱ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢያደርስ ኩባንያው በተመጣጣኝ ስሌት 500 ሺህ ይከፍላል። ብዙ ሰው «2 ሚሊዮን የገባሁ ሰው 1 ሚሊዮን እንዴት ይነፈገኛል?» ብሎ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው፤ ስሌቱ ግን ውሉ ላይ ተጽፏል። ከመጠን በላይ ማስገባትም አይጠቅምም፤ እስካሁን በሥራ ላይ ያለው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ካሳ መድን የተገባለት ንብረት አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ይላል።

ያው ሕግ ለመድን ገቢው የሚያዝንበት ቦታም አለው። በቸልተኝነት፣ ለምሳሌ ምድጃ ሳያጠፉ በመውጣት፣ የተነሳ እሳት ካሳ አያስቀርም፤ የሚያስቀረው መድን ገቢው ራሱ ሆን ብሎ የለኮሰው ነው። አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ሲኖር ግን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቤቱን መኖሪያ ብሎ ያስመዘገበ ሰው በረንዳው ላይ ቤንዚን በጄሪካን መቸርቸር ከጀመረ ኩባንያው የሚያውቀው ሌላ ቤት ነው።

በዚህ ክልል አንድ ነገር መዝለል አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በነበረው ግጭት ቤቶች ተቃጥለዋል። እሳት እሳት ነው ቢባልም፣ ተራው የእሳት ውል በጦርነትና በሕዝባዊ አመጽ ምክንያት ለሚደርስ ቃጠሎ አይከፍልም። ለዚያ የፖለቲካ ሁከትና የሽብር መድን የሚባል ለብቻው የሚገዛ ሽፋን አለ።

ሳር ክዳን ያለው ቤትስ? ኩባንያዎች አረቦን የሚተምኑት የግድግዳውንና የጣሪያውን ዓይነት አይተው ነው፤ ሳር ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ለእሳት እጅግ የተጋለጠው ቤት ከመድን እጅግ የራቀው ነው። የእሱ ዋስትና ጎረቤት ነው፤ ደቦ ወጥቶ ቀርከሃ የሚቆርጥለት፣ ሳር የሚያጭድለት። ከወሎ መጥተው በአካባቢው የሰፈሩት ደግሞ ዕድራቸውን ይዘው መጥተዋል። ይህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እሳት መንደሩን በሙሉ ከበላው ረጂውም ተረጂ ይሆናል፤ መድን የተፈለሰፈው በአንድ ቦታ የደረሰን ኪሳራ ሩቅ ላሉት ለማካፈል ነበርና።

ሀብታም አገርም ከሰደድ እሳትና ከመድን ጣጣው አላመለጠም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የተነሳው እሳት ከ16 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን አወደመ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ስቴት ፋርም የተባለው ትልቅ ኩባንያ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ በተባለው ሰፈር የበርካታ ቤቶችን ውል እንደማያድስ አስታውቆ ነበር። ካሊፎርኒያ ያሉ ኢትዮጵያውያንም የእድሳት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ሳይከፍቱ ባያስቀምጡት ይበጃል።

የአሶሳ ባለ ቤት ይህን የሚያጣራበት ወር ጥቅምት ነው፤ ጭስ ከታየ በኋላ አዲስ ሽፋን የሚሸጥ ኩባንያ ማግኘት ይከብዳል። ወደ ባንኩ ሄዶ የፖሊሲውን ቅጂ ይጠይቅ፤ የሰደድ እሳቱን አንቀጽ ያንብብ፤ የቤቱን ዋጋ በዘንድሮ ገበያ ያስተምን። ቤቱንና ዕቃውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ፎቶውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ፤ ከቤቱ ጋር የተቃጠለ ደረሰኝ ማንንም አያሳምንም። ቅጂው በዚያው ቀን ካልተሰጠው በማግስቱም ይመለስ።