የአልማቃህ ቤቶች፦ ከማሪብ እስከ ይሓ

በጃንዋሪ 2023 ዩኔስኮ በየመን ማሪብ ዙሪያ ያሉትን የጥንቱን የሳባ መንግሥት ቅርሶች በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ ወዲያውም አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ አስገባቸው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከተመዘገቡት ሰባት ቦታዎች መካከል ጎልተው የሚታዩት ለአልማቃህ የተሠሩት መቅደሶች ናቸው። አልማቃህ ሳባውያን የመንግሥታቸው ጠባቂ አድርገው ያመልኩት የነበረ አምላክ ነው። ያ ውሳኔ ሲተላለፍ የትግራዩን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። የትግራይ ሰው ሬሳ እየቀበረ፣ የጠፋ ዘመድ እየፈለገ ነበር። ከቀይ ባሕር ወዲህ፣ ከአድዋ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በይሓ፣ ለዚያው ለአልማቃህ የተሠራ ቤት ቆሞ እንዳለ ያን ጊዜ ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው።

ከጅቡቲ ከተማ ሆኖ ሲያዩት ሁለቱን ዳርቻዎች ነጣጥሎ ማሰብ ይከብዳል። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከ2015 ወዲህ የየመንን ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች በኦቦክ በኩል ጅቡቲ ገብተዋል። ከዚያው ከኦቦክ ዳርቻ ደግሞ የእኛ ልጆች ሳዑዲ ለመድረስ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ስደተኛው በአንድ ዘመን፣ በአንድ ባሕር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ስለ ይሓ የተጻፈውን ባነበብኩ ቁጥር ይህ ከሐሳቤ አይወጣም፤ የዘርፉ ትልቁ ክርክር ባሕሩን አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው መንገድ አድርጎ ኖሯልና።

በመጀመሪያ ግን ሕንፃውን እንየው። ታላቁ የይሓ መቅደስ 18 ሜትር ተኩል በ15 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ዛሬም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ነው። ጥርብ ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ አንዱ በሌላው ላይ በልክ ተቀምጠዋል። ጣሪያው የለም፤ በእሳት መጥፋቱን ቁፋሮው አሳይቷል። ውስጡን በረድፍ የቆሙ የድንጋይ ምሰሶዎች ይከፍሉት ነበር። በፊት ለፊት የተቀረጹት ዋሊያዎች ከመቅደሱ ተነሥተው አጠገቡ ባለው በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ገብተዋል። የሳባውያን የአምልኮ እንስሳ ዛሬ የክርስቲያን ምእመናንን እየተቀበለ መሆኑ እኔን ከሕንፃው ቁመት የበለጠ ያስደንቀኛል።

በዚያችው መንደር ግራት በዓል ገብሪ የሚባለው ፍርስራሽ አለ። መቅደስ ሳይሆን የገዥ ቤት ነው፤ ከመቅደሱም ይበልጣል፣ በዕድሜም ይቀድማል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ ላይ ይቀመጣል። መግቢያው ላይ ስድስት ትልልቅ ምሰሶዎች ቆመዋል። በማሪብ በራን በሚባለው መቅደስ ፊት ያሉትም እንዲሁ ስድስት ናቸው። የግራት በዓል ገብሪ ግድግዳ ግን ድንጋይና እንጨት ተፈራርቆ የገባበት ነው። ይህን አሠራር የምናውቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ከመጣው ከአክሱም ሥራ፣ ከደብረ ዳሞም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የላሊበላ ጠራቢዎችም የእንጨቱን ቅርጽ በድንጋይ አስመስለው ፈልፍለውታል።

የይሓው መቅደስ እስከ ዛሬ የቆመው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስለነበረ ነው። ትውፊቱ ይህን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ለሆኑት ለአባ አፍጼ ይሰጣል። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ ሕንፃውን አይቶ ጽፎለታል፤ ሄንሪ ሶልት በ1810፣ የኤኖ ሊትማን የጀርመን ጉዞ በ1906፣ ከዚያም በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፍራንሲስ አንፍሬ ተከታትለው መጥተዋል። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው የጀርመን የአርኪዮሎጂ ተቋም ነው። ይኸው ተቋም በየመን፣ በማሪብና በሲርዋህም ለብዙ ዓመታት ቆፍሯል፤ ሁለቱን ዳርቻ በአንድ ዓይን ማየት የቻለው ለዚህ ነው።

ስለ አፈ ታሪኩ ብዙ ስለተጻፈ አላረዝምም። በእኛ በኩል ሕዝቡን ያስገብር የነበረው ዘንዶ አርዌ አለ፤ የገደለው ሰው ነገሠ፣ ማክዳም ከእርሱ ተወለደች ይባላል። በክብረ ነገሥት ማክዳ ወደ ሰሎሞን ትሄዳለች። ማሪብ ላይ ያችው ንግሥት ቢልቂስ ናት። የሚገርመው የሁለቱም አገር ሰው ፍርስራሹን በእርሷ ስም መጥራቱ ነው። በማሪብ የበራን መቅደስ የቢልቂስ ዙፋን፣ የአዋም መቅደስ ደግሞ የቢልቂስ ቅጥር ይባላል። በአክሱም ዱንጉር ላይ ያለውን ቤት ሕዝቡ የማክዳ ቤተ መንግሥት ይለዋል፤ ቆፋሪዎቹ ግን ሰሎሞን ነበረበት ከሚባለው ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ዝቅ አድርገውታል። ዘመኑ ስላልገጠመ ትውፊቱን መናቅ አይገባም። ሕዝቡ በሁለቱም ዳር የሚያውቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እነዚህ ሕንፃዎች ከባሕሩ ማዶ ካለው ወገን ጋር የተያያዘ ታሪክ እንዳላቸው።

አምልኮው እንዴት ነበር? ከሁሉ የተሻለው ምስክር በ2007 ማብቂያ ላይ ውቅሮ አጠገብ በአዲ አካውሕ የተገኘው መቃብር ጋዕዋ ነው። ትንሽ መቅደስ ነው፤ ነገር ግን መሠዊያው ከነቦታው ተገኘ። በላዩ የሚፈሰው መሥዋዕት ቦይ ተበጅቶለት በበሬ ራስ አምሳል ወደ ታች ይወርዳል። አብረው የዕጣን ማጠኛዎችና የተቀመጠች ሴት ሐውልት ተገኝተዋል። በዘመኑ ጽሑፎች የሚጠሩት አማልክት ዐስታር፣ አልማቃህ፣ ዛት ሐምይምና ዛት በዕዳን ናቸው፤ የሳባው ተርታም ይኸው ነው። አልማቃህን ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ የጨረቃ አምላክ ሲሉ ኖሩ። በኋላ የበሬውን ራስና የወይን ሐረጉን ምልክት ይዘው የፀሐይ አምላክ ነው የሚሉ ተነሡ። ቁርኣንም በአን-ነምል ምዕራፍ የንግሥቲቱ ሕዝብ ለፀሐይ ይሰግድ እንደነበር ይናገራል። ለእኔ ይህ ክርክር የእጅ ማስረጃው ትንሽ፣ ግምቱ ብዙ ነው፤ ከመሠዊያው ቦይ የፈሰሰውን የሚያጠና ሰው ሰማዩን ከሚያጠናው ይልቅ ይጠቅመናል።

የቀሩትን ቦታዎች ባጭሩ ላውሳ። በአክሱም አቅራቢያ መላዞ ላይ ዣን ለክላን በ1950ዎቹ የአልማቃህ መቅደስ አግኝቷል። እዚያው ሐውልቲ ላይ ዋሊያዎች የተቀረጹበት የድንጋይ ዙፋን ወጥቷል። በኤርትራ መጠራና ካስካሴ ሐውልቶች አሏቸው፤ በመጠራው ራስ ላይ ፀሐይና ግማሽ ጨረቃ ይታያል። በአክሱም ዘመን አልማቃህ ከጽሑፍ ይጠፋና መሕረም፣ ዐስታር፣ ብሔርና ምድር ይመጣሉ። ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ሲጠመቅ በገንዘቡ ላይ የነበረው ግማሽ ጨረቃ በመስቀል ይተካል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው።

ልቆይበት የምፈልገው ይሓን ማን ሠራት የሚለው ነው። ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1928 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የሳባ ሰዎች ተሻግረው ሠፈሩ፣ ጽሕፈትንም መንግሥትንም ይዘው መጡ አለ። ትምህርት ቤት ሁላችንም የተማርነው ይህንን ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሮዤ ሽናይደር፣ ቀጥሎም ኤፍሬም ይስሐቅና ኬን ፌልደር፣ ኋላም ዴቪድ ፊሊፕሰን ሐሳቡን ተቃወሙ። የሸክላው አሠራር የአገሩ ነው፤ በአስመራ አካባቢ ኦና በሚባሉት ሠፈሮች ሰው ከሳባ ተጽዕኖ አስቀድሞ በመንደር ተደራጅቶ ይኖር ነበር፤ ሳባውያን ቢመጡ እንኳ ጥቂቶች ነበሩ፣ ብዙም አልቆዩም አሉ። አሁን ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች የመቅደሱን ሥራና ጽሑፉን ይዘው የሳባ ሰዎች በእርግጥ መጥተው ኖረዋል ይላሉ። ጽሑፍ ትተው ከሄዱት መካከል የድንጋይ ጠራቢነታቸውን ገልጸው ከማሪብ መሆናቸውን የተናገሩ አሉ፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም።

እኔ ሁለቱም ወገን በየፊናው ትክክል የሆነ ነገር ይዞ ሌላውን የሚገፋ ይመስለኛል። መቅደስና ጽሑፍ የሚናገሩት ስለ ባለሥልጣኑና ስለ ባለሙያው ነው፤ ገልና ምድጃ የሚናገሩት በቤቱ እራቱን ስለበላው ሰው። የሁለቱ ምስክርነት ቢለያይ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም።

ጅቡቲ ከተማ ይህን በግልጽ ታሳያለች። የከተማዋ ምልክት የሆነውን የሐሙዲ መስጊድ በ1906 ያሠሩት የየመን ተወላጅ ነጋዴ ናቸው። በ2019 ደግሞ በቱርክ ገንዘብ፣ በኦቶማን አሠራር፣ በሱልጣን አብዱልሐሚድ ዳግማዊ ስም ትልቅ መስጊድ ተከፍቷል። ከ2,700 ዓመት በኋላ አንድ ቆፋሪ የሁለቱን መስጊዶች መሠረት ብቻ ቢያገኝ፣ ጅቡቲን በመጀመሪያ የመን፣ ቀጥሎ ቱርክ ገዝቷታል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሌላው ደግሞ የሶማሌውንና የአፋሩን ማድጋ ቆጥሮ የውጭ ሰው አልነበረም ሊል ይችላል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። የመናዊው ነጋዴ በእርግጥ ነበረ፤ መስጊዱ ግን የጅቡቲ ነው፤ የሚሰግድበትም የከተማዋ ሰው ነው።

ይህን በይሓ ላይ የሚያጸናልኝ የመቃብር ጋዕዋ መሠዊያ ነው። ጽሑፉ በሳባ ቋንቋና ፊደል በሚያምር እጅ ተቀርጿል። ያሠራው ዋዕራን የሚባል ንጉሥ ነው፤ በአማልክቱ ትእዛዝ በይሓ ባለው የአልማቃህ ቤት ላይ ጌታ ሆኖ በተሾመ ጊዜ መሠዊያውን እንዳሠራ ይናገራል። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ የአባቱን ስም ጠርቶ የእናቱንም ይጠራል፤ የሳባ ነገሥታት በጽሑፋቸው እናታቸውን የመጥራት ልማድ አልነበራቸውም። ቋንቋው ከማዶ፣ አምላኩ ከማዶ፣ የቤቱ ወግ ግን ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የይሓ ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ የተገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መሠዊያ ላይ ነው። መንደሪቱ ዛሬም በዚያው ስም ትጠራለች። አምላኩ ተረስቶ፣ መንግሥቱ ጠፍቶ፣ ሃይማኖቱ ተለውጦ ስሙ አልተለወጠም። ከሌላ አገር መጥቶ ሠፍሮ የጠፋ ሕዝብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙን ማን ያቆየው ነበር?

አማልክት በዚህ ባሕር ሲጓዙ የሳባው የመጀመሪያም የመጨረሻም አይደለም። በሶቆጥራ ደሴት ሆቅ በሚባለው ዋሻ የሕንድ መርከበኞች በብራሕሚ ፊደል ስማቸውን ጽፈው ሄደዋል፤ ከአክሱም የሄዱ ሰዎችም በዚያው ግድግዳ ላይ ጽፈዋል። በደብረ ዳሞ በ1940 ከመቶ የሚበልጡ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። በ2022 ደግሞ በግብፁ በረኒቄ ወደብ፣ በኢሲስ መቅደስ ቅጥር ውስጥ፣ የቡድሃ ሐውልት ወጣ። ሕንዳዊው ነጋዴ በግብፃዊት አምላክ ቤት የራሱን አምላክ አቁሞ ጸለየ ማለት ነው። የይሓን መቅደስ በዚህ ተርታ ያየ ሰው “የማን ነው?” ከማለቱ በፊት “እነማን አብረው ቆሙበት?” ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

አክሱም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ1980 ነው። ማሪብም ጦርነት ላይ እያለች ተመዝግባለች። ይሓ በራሷ ስም ገና አልተመዘገበችም። ይህ መስተካከል አለበት፤ ቢቻል የይሓና የማሪብ ጉዳይ ተያይዞ ቢቀርብ፣ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይነበብ ለዓለም መግለጽ ይቻላል። መዝገቡ ብቻ ግን አይበቃም፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየገበሬው ግድግዳ ውስጥ የገቡት ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች ተቆጥረው ፎቶ መነሣት ይኖርባቸዋል።

ወጣት ተመራማሪ ቢጠይቀኝ ግን ታላቁን መቅደስ ትቶ ከይሓ በሰሜን ምሥራቅ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ወደሚርቀው ቤተ ሰማዕቲ እንዲሄድ እመክረዋለሁ። በማይክል ሀሮወር የሚመራው ቡድን በ2019 እንዳሳተመው፣ ከተማዪቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ሰው ሳይለያት ኖራለች። በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ የበሬ ራስና የወይን ሐረግ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበት፣ መስቀልና የግእዝ ጽሑፍ ያለበት የጥቁር ድንጋይ ጌጥም ተገኝቶባታል። ዋዕራን መሠዊያውን ካቆመበት እስከ አባ አፍጼ መምጣት ድረስ ከሺህ ዓመት በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የይሓው ቤት በማን ስም ይጸለይበት እንደነበር የሚነግረን አንድም ጽሑፍ በእጃችን የለም፤ ቤተ ሰማዕቲ ግን በዚያ ዘመን ሁሉ ሰው ነበራት፣ ገና ያልተቆፈረው ክፍሏም ከተቆፈረው ይበልጣል።