የበቅሎዋ ኮቴ

ጌሙ ለመናገር ቀላል ነው። ዘመኑ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነው። አንዲት በቅሎ አሞሌ ጨው ተጭና ከአልዩ አምባ ገበያ ትነሳና ሽቅብ ወደ አንኮበር ትወጣለች፤ ተጫዋቹ ጭነቱ ሳይዛነፍ፣ በቅሎዋም ገደል ሳትገባ ከላይ ማድረስ አለበት። መንገዱ ቀልድ አይደለም። አንኮበር አፋፍ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት፤ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሆነው ሲያዩ ቆላው እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። አልዩ አምባ ከዚያ አፋፍ ሥር ናት፤ በዘመኗ የሲራራ ነጋዴ መዋያ ነበረች።

ጌሙን የሠሩት ደብረ ብርሃን ያሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ፕሮግራመር ነው። ሙዚቃውን የጻፈላቸው አቀናባሪ ወዳጄ ነው። እኔ የተጠራሁት ለጆሮዬ ነው። «የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ልይዘው አልቻልኩም» አለኝ በስልክ።

የሚቀርጽበት ክፍል ግድግዳ በመንዝ ባና ተሸፍኗል። ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎች ድምፅ እንዳያስተጋባ በውድ ስፖንጅ የሚሠሩትን እሱ በበግ ጠጉር ሠርቶታል፤ እውነቱን ለመናገር ባናው አይተናነስም። ለደብረ ብርሃን ብርድም መድኃኒት ነው።

ሙዚቃው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ሲያልቅ ከራሱ ይጀምራል። ቅኝቱ አንቺ ሆዬ፣ ምቱ ችክችካ። ክራር ከሥር ይመታል፣ ከበሮ ይከተለዋል፣ ማሲንቆ ከላይ ዜማውን ይይዛል። ብቻውን ስሰማው ምንም አላጣሁበትም። ስልኩን ሰጥቶኝ በቅሎዋን እየነዳሁ ስሰማው ግን ክራሩ ወደ ኋላ የሚቀር፣ እንቅልፍ የተጫነው ሰው የሚመታው መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ይስተካከላል። ደግሞ ይቀራል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የክራሩ ድምፅ ነው። ከኪቦርድ የተገኘ ክራር ነበር፤ አንድ ጊዜ የተቀረጸ ግርፍ ለእያንዳንዱ ምት ሳይለወጥ ይደገማል። የእጅ ክራር እንዲህ አይደለም፤ ጣት አንዴ ይጠነክራል፣ አንዴ ይላላል፣ የቀደመው ጅማት ድምፅ ሳይከስም ቀጣዩ ይመጣበታል። ስለዚህ ባለ ስድስት ጅማት ክራር ተበድረን በባናው መካከል ቀረጽን። ድምፁ ሰው ሰው ሸተተ። ጉርባጤው ግን እዚያው ነው።

ቀጥሎ ቅኝቱን ያዝን። ይህ ጥርጣሬ መሠረት አለው። ፒያኖም ሆነ ኮምፒውተር ኦክታቩን በ12 እኩል ቦታ ይቆርጠዋል። አንቺ ሆዬን በዚያ ልኬት ከሲ ተነስተህ ስትጽፈው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። ማሲንቆ ግን ቁልፍ የለውም። አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ነው፤ ድምፁ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው የተጫዋቹ ጣት ነው፣ ጣቱን የሚመራው ደግሞ ጆሮው ነው። ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካው ዩሲኤልኤ የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው በዚሁ በማሲንቆና በቅኝት ባሕርይ ላይ ነበር፤ ጉዳዩ ያን ያህል ሰው የሚያደክም ነው።

ማሲንቆውን የተጫወቱልን አዛውንት ክራሩን አድምጠው፣ «ልጆቼ፣ ይቺ አራተኛዋ ታቅራለች» አሉን። ጣታቸውን አሳርፈው ሲያሰሙን ጂ ፍላቷ ከፒያኖው ቁልፍ ጥቂት ዝቅ ብላ ነበር። አቀናባሪው የክራሩን ጅማት ፈትቶ በእሳቸው ጣት ልክ ቃኘውና እንደገና ቀረጸው። አሁን አንቺ ሆዬ አንቺ ሆዬን መሰለ። እኔም ጨረስን ብዬ ጃኬቴን አንስቼ ነበር። በቅሎዋ ስትነሳ ክራሩ ደግሞ ወደ ኋላ ቀረ።

መፍትሔው በሌላ በር መጣ። ወዳጄ አንድ የቆየ ምኞት አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» የተባለው ጌም ኢትዮጵያን ሲጨምር መሪ ያደረጋቸው ዳግማዊ ምኒልክን ነው፤ የአንጎለላው ተወላጅ ምኒልክ በጌሙ ውስጥ አማርኛ ይናገራሉ። በዚያ ጌም የአንድ አገር ዜማ በአራት ዘመን ይቀርባል፤ በጥንቱ ዘመን ቀጭን ሆኖ ይጀምርና በመካከለኛው፣ በኢንዱስትሪው፣ በአቶሚኩ ዘመን እየደለበ ይሄዳል። ወዳጄም የኛ ሙዚቃ በቅሎዋ ከፍ ባለች ቁጥር እንዲደልብ ፈለገ። የትኛው መሣሪያ የት ይግባ የሚለውን ለመለየት ድምፆቹን አንድ በአንድ እያጠፋን መስማት ጀመርን።

ማሲንቆውን አጠፋን፤ ክራሩ ይቀራል። ከበሮውን አጠፋን፤ ይቀራል። ክራሩን ብቻውን ተውነው፤ አሁንም ይቀራል። ፕሮግራመሩ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለችውን፣ ማንም ሙዚቃ ነው ብሎ ያልቆጠራትን መስመር ዘጋት። የበቅሎዋ ኮቴ ናት። ክራሩ ያን ጊዜ ቀጥ አለ።

የኮቴው ፍጥነት ከሥዕሉ ጋር የታሰረ ነው፤ ሜዳ ላይ በደቂቃ 90 ጊዜ ይመታል። የሙዚቃው ምት 84 ነው። ልዩነታቸው 6 ስለሆነ በየ10 ሰከንዱ ይገጥሙና ይለያያሉ። የሚቀርና የሚስተካከል የመሰለኝ ይኸው ነው። ለምን ክራሩን ጠረጠርን? ኮቴውን ዓይን ያየዋል። እግሯ መሬት ሲነካ እያየህ ድምፁ ዘገየ አትልም፤ ዘገየ የምትለው የማይታየውን ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ጃፓናዊው ኮጂ ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» መጀመሪያ የጻፈው ዜማ ከማሪዮ ሩጫና ዝላይ ጋር ስላልሄደ ጥሎት ሌላ ጻፈ። ዛሬ ዓለም የሚያፏጨው ሁለተኛውን ነው።

ሜዳው ላይ ማስተካከሉ ቀላል ሆነ፤ በቅሎዋን ወደ 84 አወረድናት። ለጭነት በቅሎ እንዲያውም የተገባ ነው። ዳገቱ ግን አስቸገረ። ዳገት ላይ እርምጃዋ ይለዋወጣል፤ ድንጋይ ስታገኝ ትቆማለች። «ሙዚቃውን አብረን እናዘግየው» አለ ፕሮግራመሩ። ወዳጄ እምቢ አለ፤ የተቀረጸ ማሲንቆ በኮምፒውተር ሲለጠጥ ድምፁ ይሻክራል።

አዛውንቱ ክርክራችንን እየሰሙ ማሲንቋቸውን ይገዘግዙ ነበር። ልብ ብለን ስንሰማ የሚጫወቱት ምት የለውም። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ቅኝቱን የሚያሰሙበት፣ ሲፈልጉ የሚያረዝሙት፣ ሲፈልጉ የሚቆርጡት መግቢያ ነው። ምት የሌለው ነገር ከኮቴ ጋር ሊጋጭ አይችልም። ወዳጄ ማይኩን ለመክፈት ሲሮጥ ገመዱ ጠልፎት ነበር።

አሁን ዳገቱ ሲጀምር ክራርና ከበሮው ይወጣሉ፤ ማሲንቆው ብቻውን ይቀራል፤ በቅሎዋ እንደፈለገች ትረግጣለች። ዳገቱን ጨርሳ ሜዳ ላይ ስትወጣ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ኮቴ ጠብቆ ክራሩን በዚያው ቅጽበት ያስገባዋል። ሙዚቃው ሽቅብ እያለ እንዲደልብ የነበረው ምኞት ተገልብጦ ሽቅቡ ላይ የሚከሳ ሆነ። ወዳጄ ይህን ገና አልዋጠውም፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ዳገት ላይ ማን ይዘፍናል?

የቀረው ጭቅጭቅ የመልሱ ጉዞ ነው። ጨውን ያራገፈችው በቅሎ ባዶዋን ቁልቁል ስትወርድ ኮቴዋ ይፈጥናል፣ ይሰባበራል። ወዳጄ ክራሩን ፈጠን አድርገን እንደገና እንቅረጸው ባይ ነው። ፕሮግራመሩ ከበሮ ብቻ ይበቃል ይላል። እኔ ከከበሮው ወገን ነኝ፤ ከበሮ አንድ አንድ ምቱ ተለይቶ ሊቀረጽ ስለሚችል ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ኮቴ ጋር ሊመታው ይችላል፤ ክራሩ ግን አንዴ ከተቀረጸ በቅሎዋን አይጠብቃትም።