ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራም

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ከአእምሮው የሚያፈልቅ ይመስላቸው የነበሩ አንድ ዘመዳችን በቀደም ዕለት ከአጠገባችን ተቀምጠው ሲመለከቱን ቆዩና፥ «ለካ እናንተም የምትገለብጡት ከሰው ደብተር ኖሯል!» ብለው ሳቁብን። ሐሰት አልተናገሩም። መገልበጡም ራሱ ነውር የለበትም። ከርኒሃንና ሪቺ የሲን ቋንቋ መማሪያ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙ ጊዜ በመጀመሪያው ምዕራፍ ለተማሪው ያቀረቡለት አንዲት አጭር ሰላምታ የምታትም ምሳሌ ነበረች፤ ጀማሪ ሁሉ እስከ ዛሬ እጁን የሚያፍታታው በእርስዋው ነው።

የእኛ ጥፋት ሌላ ነው። ትምህርታችንን እንደ ጨረስን ለአንድ ጤና ጣቢያ የአራስ ሕፃናት መመዝገቢያ ፕሮግራም እንድንጽፍ ታዘዝን። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ፥ ቀን የሚቀበል አንድ ምሳሌ ፈልገን አገኘን፤ ዐሥር መስመር ያህል ቢሆን ነው። ገለበጥነው፤ ሠራ። ከኅዳር እስከ ነሐሴ አንድም ቀን ሳይሰናከል ሠራ። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደች ሕፃን በመጣች ጊዜ ግን «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ብሎ እንቢ አለ። መዝጋቢዋም ወረፋው ስለ በዛባቸው «ነሐሴ 30» ብለው አሳለፉት። እናቲቱ ካርዱ ሲነበብላት፥ «ልጄን የወለድኋት በሩፋኤል ዕለት ነው፤ ቀኗን ማን ወሰደባት?» ብላ ጠየቀች።

የቋንቋውን ማመሳከሪያ ጽሑፍ አንብበን የጨረስነው ያን ዕለት ማታ ነው፤ ያውም በኀፍረት። ቀን የሚቈጥረው በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ብቻ መሆኑን ጽሑፉ በግልጽ ይናገራል። ምሳሌው ግን ይህን አላለም። ፕሮግራሙ ጥቅምትን እንደ ፈረንጆች የካቲት ይቈጥረው ስለ ነበረ፥ ዓመቱ ቢዞር ጥቅምት 30 ቀን የተወለደውንም ሊመልስ ኖሯል!

በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ከየትእዛዙ ሥር የታወቁትን ጉድለቶች የሚዘረዝር ክፍል ነበረው። ምሳሌ የሚያካፍሉ ሰዎች ይህን ልማድ ቢከተሉ ምንኛ በተመሰገኑ! ምሳሌም ያረጃል፤ በፒ.ኤች.ፒ. ቋንቋ ከማይ ኤስ.ኪው.ኤል. ጋራ ያገናኙ የነበሩት የቀድሞዎቹ ትእዛዞች በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው በ7ኛው እትም ተሰርዘዋል። ስለዚህ የተጻፈበትን ዓመት አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ዐሥራ ሦስተኛውን ወር የሚያውቅ፥ አይ.ሲ.ዩ. የተባለ የኮድ ስብስብ በነጻ ይገኛል። ፕሮግራሙን በእርሱ አደስነው፤ የሕፃኒቱም ካርድ ታረመ። ዛሬ የቀን ምሳሌ ባገኘን ቍጥር መጀመሪያ የምናስገባለት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።