ስለ ባላገር ሴቶች ትምህርትና ስለ መሬት ደብተር

እርሻ የወንድ ሥራ ነው ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን አረሙን የምታርም፤ ምርቱን የምታጓጕዝ፤ ዘሩን ለይታ በጎታ የምታኖር፤ ጥጃውንና ዶሮውን የምትጠብቅ ሴቲቱ እንደ ሆነች ባላገር ሁሉ ያውቃል። ይህን ያህል ሥራ የተሸከመችው ሴት ግን ከፊደል ርቃ ኖራለች።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ከጥቂቶች በቀር ለወንዶች ልጆች ነበረ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ለወንዶች ሲከፈት፤ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 23 ዓመት አለፈ።

በዚሁ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ከመቶ 29፤ ከወንዶቹ ግን ከመቶ 59 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ሴቶቹ 42፤ ወንዶቹ 69 ደረሱ። ሁለቱም ወደ ፊት ተራመዱ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከ30 ወደ 27 ብቻ ዝቅ አለ።

ይህ ጕዳይ የመምህራን ብቻ አይደለም፤ የመሬት አስተዳደርም ጕዳይ ነው። በዐማራ ክልል ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም በአንድነት ይይዛል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሚስቲቱ ማንበብ ካልቻለች፤ መሬቱ በኪራይ ሲሰጥ በውሉ ላይ አሻራዋን የምታኖረው ሌላው ሰው ያነበበላትን አምና ነው። አንባቢው ቅን ባይሆን የኪራዩ ዘመንና ዋጋው ይለወጥባታል፤ ክርክሩም ዞሮ ወደ ወረዳው ዳኛ ይመጣል።

ልጃገረዶችን ከትምህርት የሚያስቀሩ ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ ውሃ መቅዳት፤ እንጨት መልቀም፤ የመንገድ ርቀትና ያለ ዕድሜ ጋብቻ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ ሕጉ የሚጸናው ግን ሹሙ ሲጠብቀው ነው።

ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት የትምህርት ቤቱን መዝገብ አስቀርበው፤ በመስከረም ከገቡት ልጃገረዶች በሰኔ ስንቱ እንደ ቀሩና ስለ ምን እንደ ቀሩ ሊጠይቁ ይገባል። የውሃ ጕድጓድ ሲቈፈርም ለመንደሩ ቅርብ ይሁን፤ ልጃገረዲቱ በመንገድ የምታጠፋውን ሰዓት ለትምህርት ታውለዋለችና። ማንኛዋም ሴት አሻራዋን ከማኖሯ አስቀድሞ ውሉ በገለልተኛ ሰው ፊት ለፊቷ ይነበብላት። ይህ ግን ለጊዜው የሚረዳ ነው፤ ልጇ ደብተሩን ራሷ ገልጣ የምታነብበት ቀን እንዲደርስ መትጋት የሹማምንትም የወላጆችም ፈንታ ነው።