የራስ ቅሉ ሳይዘጋ

ከሕፃን አንጎል ውስጥ ዕጢ የሚያወጣ ሐኪም መንገዱን የሚያውቀው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በተነሣ የኤምአርአይ ምስል ነው። ይሁንና አጥንቱ ተነሥቶ የአንጎሉ ሽፋን ሲከፈት፣ አንጎልን ከብቦ የያዘው ፈሳሽ ይፈሳል፤ ዕጢው እየተቀነሰ ሲሄድም ዙሪያው ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላል። አንጎሉ ከነበረበት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊሸሽ ይችላል። የጠዋቱ ምስል ከቀትር በኋላ አይታመንም።

ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ ምስል ማንሣት ያስፈለገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል፣ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ፈረንስ ዮሌስና የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ፒተር ብላክ ከባልደረቦቻቸው ጋር የመጀመሪያውን ማሽን ሥራ ላይ አዋሉ። ማግኔቱ ለሁለት የተከፈለ ስለነበር ሐኪሙ መሃል ለመሃል ቆሞ ይሠራ ነበር። በኋላ በካናዳ ካልጋሪ የጋርኔት ሰዘርላንድ ቡድን ማግኔቱን በጣሪያ ሐዲድ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ታካሚው እንዲመጣ አደረገው።

ከማንም በላይ የሚጠቀሙት ግን ልጆች ናቸው ብዬ አምናለሁ። በልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩት የአንጎል ዕጢዎች አንዱ የሆነው ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ ሙሉ በሙሉ ከወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨረርም ኬሞቴራፒም አያስፈልገውም። ኢፔንዲሞማ በተባለው ሌላ የአንጎል ዕጢም የልጁን ዕድል በእጅጉ የሚወስነው የቀረው ዕጢ መጠን ነው። ጨረር በማደግ ላይ ያለን አንጎል ይጎዳል፤ የመማር ችሎታን ይቀንሳል። ቀሪ ዕጢ መኖሩ የሚታወቀው በማግስቱ ከሆነ ደግሞ ወላጆች ልጃቸው እንደገና ማደንዘዣ እንደሚወስድና ራሱ እንደገና እንደሚከፈት ይነገራቸዋል። በቀዶ ሕክምናው መካከል የተነሣ ምስል ይህን ዜና ሊያስቀር ይችላል።

ሥራው ቀላል አይደለም። የ3 ቴስላ ማግኔት ኃይል ከምድር መግነጢሳዊ ኃይል ወደ 60,000 ጊዜ ይበልጣል፤ የተረሳ መቀስ ተስፈንጥሮ ልጁን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ነርሶቹ እያንዳንዱን መሣሪያና መርፌ ቆጥረው ያረጋግጣሉ፤ ቁስሉ ከጀርም በጸዳ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የልጁ ጆሮ ከማሽኑ ጩኸት ይጠበቃል። ትንሽ ልጅ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ የማደንዘዣ ባለሙያው ዓይኑን ከመቆጣጠሪያው አይነቅልም። ምስሉን ማንሣት ከዝግጅቱ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ምስሉ ሲመጣም ማንበቡ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ደም፣ አየርና በቀዶው ያበጠ ጠርዝ ዕጢ ሊመስሉ ስለሚችሉ ሐኪሙና የራዲዮሎጂ ባለሙያው አብረው ያዩታል። አንዳንዴ ቀሪው ዕጢ በግልጽ እየታየም ይተዋል፤ መተንፈስንና መዋጥን ከሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ጋር ከተጣበቀ፣ እሱን መላጥ ልጁን የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ማሽኑ ዕጢ መቅረቱን ያሳያል፤ ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለው የሐኪሙ ፍርድ ነው።

ማግኔቱ፣ የሚታነጽለት ክፍልና ጥገናው እጅግ ውድ ናቸው። ነፍሰ ጡር ሴቶች የሚታዩበት የአልትራሳውንድ ማሽን ግን በዋጋ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ለአንጎል የሚሆን ትንሽ መዳሰሻ ከተገኘለት በተከፈተው የራስ ቅል በኩል አንጎሉ ላይ ተቀምጦ በሰከንዶች ያሳያል፤ እርግብግቢቱ ባልገጠመ ጨቅላማ አጥንት ሳይከፈትም ይታያል። ደምና አየር ምስሉን ያደበዝዙታል፤ ለማንበብም የለመደ ዓይን ይጠይቃል። ሆኖም ሐኪሙ በፈለገው ቁጥር ሊያየው ይችላል። ሁለቱም ባሉባቸው ሆስፒታሎች በየደረጃው በአልትራሳውንድ እየተመሩ ይሠራሉ፤ ኤምአርአዩን የሚያነሡት ሐኪሙ ጨርሻለሁ ብሎ ሲያስብ ነው።