ባትሪ የሚቆጥሩ አትክልተኞች

በፊት የሥራ ጠዋት ቀላል ነበር። አትክልተኛው የሣር ማጨጃውን፣ መቀሱንና ባለ ጥርሱን መጥረጊያ ፒክአፑ ላይ ይጭናል፤ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ከጥግ ያስቀምጣል፤ ይሄዳል። ቤንዚኑ ቢያልቅበት ማደያ በየመንገዱ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከእሷ ጋር በሚዋሰነው የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግቢ የሚያጸዳ ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ባትሪ ይቆጥራል። ስንቱ ሞልቷል? ስንቱ ለጠዋቱ፣ ስንቱ ለከሰዓቱ? የመጨረሻው ቢያልቅ የት ይሰካል?

ይህን ያመጣው በቤንዚን የሚሠራውን ብሎወር የሚከለክል ሕግ ነው። ብሎወር ማለት በእጅ ወይም በጀርባ ተይዞ በረጅም ቱቦ ኃይለኛ ነፋስ የሚተፋ ማሽን ነው። ገበሬ አውድማ ላይ መንሹን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል፤ ይህ ማሽን ግን ነፋሱን ራሱ ይሠራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የኦክና የሜፕል ዛፍ ቅጠሉን በሚያራግፍበት አገር አንድ ሰው በመጥረጊያ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ግቢ በብሎወር በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። በካሊፎርኒያ በተለይ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ድርቅ ጊዜ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውኃ ስላነሰ ከተሞች በረንዳና መንገድ በጎማ ማጠብን ከለከሉ፤ ብሎወሩም የውኃውን ቦታ ያዘ። ቅሬታውም ወዲያው ተከተለ። ካርመል የተባለችው የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ከተማ ገና በ1975 አገደችው።

የቅሬታው ሥር ሞተሩ ነው። አብዛኞቹ የቤንዚን ብሎወሮች መካኒኮች ቱ ስትሮክ በሚሉት ሞተር ይሠራሉ። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተደባልቆ የሚሞላላቸው፣ ሲነሱ ሰማያዊ ጭስ የሚተፉ አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን ያየ ሰው ያውቀዋል። ሞተሩ ቀላልና ጉልበተኛ ነው፤ ተገልብጦም ይሠራል፤ ጀርባ ላይ ለሚሸከሙት ማሽን ተስማሚ ያደረገውም ይኸው ነው። ጉድለቱ የተቃጠለው ጭስ ሲወጣና አዲሱ ነዳጅ ሲገባ በሩ በአንድ ጊዜ ክፍት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከነዳጁ ቀላል የማይባል ክፍል ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ያመልጣል፤ ዘይቱም አብሮ ይወጣል። መኪና ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ አብዛኞቹ ላይ የለም።

ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ኤድመንድስ የተባለው የመኪና መረጃ ድረ ገጽ በ2011 አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። አንድ ቱ ስትሮክ ብሎወርና ፎርድ ራፕተር የተባለውን ግዙፍ ፒክአፕ አወዳደረ። ብሎወሩ ከፒክአፑ 23 እጥፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ወደ 300 እጥፍ የሚጠጋ ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦን አወጣ። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ደግሞ በሌላ መንገድ አስልቶታል። ለሥራ የሚያገለግል ብሎወር አንድ ሰዓት ቢሠራ የሚያወጣው ጭጋግ ፈጣሪ ብክለት አንድ አዲስ የቤት መኪና 1,770 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ከሚያወጣው ጋር ይመጣጠናል። ከሎስ አንጀለስ እስከ ዴንቨር ማለት ነው።

ጎረቤት የሚማረረው ግን ከጭሱ ይልቅ በድምፁ ነው። የቤንዚን ሞተር ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ አለው፤ እንዲህ ያለው ድምፅ ሩቅ ይጓዛል፣ ግድግዳና መስኮትም አያስቆመውም። ከበሮ ከሩቅ ሲመታ ዘፈኑ ሳይሰማ ድልቂያው ብቻ እንደሚደርሰው ነው። የባትሪ ብሎወርም ዝም አይልም፤ ድምፁ ግን ቀጭን ፉጨት ስለሆነ ጥቂት ቤት ርቆ ይሟሟል። ጎረቤቱ ተማረረ ስንል ማሽኑን ጀርባው ላይ ያዘለውን ሰው እንዳንረሳ እፈልጋለሁ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች የሚሰጡት ወሰን 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት ሰዓት፣ 100 ሲደርስ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ። የቤንዚን ብሎወር ከያዘው ሰው ጆሮ አጠገብ ወደዚያ ከፍታ ይጠጋል። ሰውየው የሚሠራው ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ለዓመታት ነው፤ ጭሱንም ከማንም ቀድሞ የሚተነፍሰው እሱ ነው። የዚህ ሕግ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሠራተኛው ነው ብል ማጋነን አይደለም። የመጀመሪያው ከፋይም እሱ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ የቤንዚን ብሎወርን ስታግድ አብዛኞቹ አትክልተኞች ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በጃንዋሪ 1998 በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ የረሃብ አድማ አደረጉ። ሥራቸው በግቢ ብዛት የሚከፈል ነው፤ በቀን አሥር ግቢ የሚያዳርሰው ሰው ወደ ስድስት ከወረደ ልጆቹ የሚበሉት ያንሳል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ቤንዚኑን የሚተካ ብቁ የባትሪ ማሽን አልነበረም። ሕጉ ጸና፤ አፈጻጸሙ ግን ደካማ ሆኖ ዓመታት አለፉ፤ በከተማዋ ብሎወሩ እንደ ልቡ መጮኹን ቀጠለ። ተተኪ ሳይኖር የሚወጣ እገዳ ወረቀት ላይ እንደሚቀር ከዚያ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በኋላ የወጡት ሕጎች ጊዜ መስጠትን ተምረዋል። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት ሕጉን በ2018 አጽድቆ ሥራ ላይ ያዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነው። መሸጥም መጠቀምም ተከለከለ፤ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 ወስኖ ሽያጩን ከጁላይ 1 ቀን 2024፣ አጠቃቀሙን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዘጋ፤ አሮጌውን ለሚተኩ ሰዎችም ከወጪው የተወሰነውን የሚመልስ ፕሮግራም ዘረጋ። ካሊፎርኒያ በእጅ ያለውን አልነካችም፤ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ አዲስ የሚሸጠው ከጭስ የጸዳ እንዲሆን አዝዛ ለትናንሽ ድርጅቶች መደጎሚያ 30 ሚሊዮን ዶላር መደበች። በተቃራኒው ጆርጂያ በ2023 ከተሞቿ የቤንዚኑን ብሎወር ለይተው እንዳያግዱ የሚከለክል ሕግ አወጣች። አትላንታ ያለ አትክልተኛና ዲሲ ያለ አትክልተኛ ዛሬ በሁለት የተለያየ ዘመን ይሠራሉ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ባትሪው ሒሳብ እንግባ፤ የዚህ ሥራ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና። ባትሪ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ ቮልትና አምፒር ሰዓት። ሁለቱን ሲያባዟቸው ባትሪው የያዘው ጉልበት በዋት ሰዓት ይወጣል። 56 ቮልትና 10 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 560 ዋት ሰዓት ይይዛል። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ 1,120 ዋት የሚስብ ከሆነ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ያሠራል። አንድ ሊትር ቤንዚን በውስጡ 9,000 ዋት ሰዓት ገደማ አለው። ቱ ስትሮኩ አብዛኛውን በሙቀትና በጭስ ቢያባክነውም የተረፈው እንኳ ከአንድ ትልቅ ባትሪ በእጅጉ ይበልጣል። ለዚህ ነው የቤንዚን ሠራተኛ በአንድ ጀሪካን ሲውል የባትሪ ሠራተኛ ስድስት ሰባት ባትሪ የሚሸከመው።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የማያውቁት፣ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች በእጃቸው የደረሱበት አንድ ምስጢር አለ። ነፋስ መግፋት እንደ ድንጋይ መግፋት አይደለም። የማራገቢያውን ፍጥነት እጥፍ ማድረግ የሚጠይቀው ኃይል ስምንት እጥፍ ነው። ይህ ወደ ታችም ይሠራል፤ ፍጥነቱን በአንድ አምስተኛ ብቻ ብትቀንሱት የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። በቤንዚኑ ዘመን ሠራተኛው ቁልፉን እስከ መጨረሻው ጨምቆ ይዞ ግቢውን ሙሉ ይዞራል፤ ነዳጅ ርካሽ ነበርና ማንም አላስተማረውም። በባትሪ እንዲያ የሚሠራ ሰው በጠዋቱ ይደርቃል። ደረቁን ቅጠል በግማሽ ፍጥነት እየነዳ፣ ሙሉውን ኃይል ለረጠበውና ከሣሩ ጋር ለተጣበቀው ብቻ የሚያወጣ ሰው ግን በዚያው ባትሪ እጥፍ ጊዜ ይሠራል። ቱቦውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ቅጠሉን ከሥሩ ማንሳት፣ በነፋሱ አቅጣጫ መሥራት፣ ከዝናብ በኋላ ግቢው እስኪጠነፍፍ ሌላውን ግቢ ማስቀደም፤ እነዚህ ሁሉ አሁን ገንዘብ ናቸው።

የቀኑ ውሎም ይቀየራል። ተራ የአሜሪካ ሶኬት ያለማቋረጥ የሚሰጠው 1,440 ዋት ያህል ነው፤ ስድስት ትልልቅ ባትሪ ከአንድ ሶኬት ለመሙላት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ሦስት መኪና የሚያሰማራ ድርጅት ይህን በሦስት ሲያባዛው የጋራዡ መስመር አይበቃውምና ኤሌክትሪሺያን መጥራት ግድ ይሆንበታል። አንዳንዱ ተጎታቹ ላይ ቻርጀር ይገጥማል። አንዳንዱ ጄነሬተር ይዞ ይዞራል፤ ይህኛው ጭሱን ከጀርባ አውርዶ መኪና ላይ መጫን ስለሆነ ከጊዜያዊ መፍትሔ አያልፍም። ብርዱም አለ። ሊትየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ይደክማል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ሲሞላ ደግሞ ይጎዳል። የቅጠሉ ሥራ የሚበዛው በትክክል ብርዱ ሲገባ ነውና ሌሊት ባትሪውን መኪና ላይ ጥሎ ማደር ቀረ። ከሥራ የወጣ ትኩስ ባትሪም ሳይቀዘቅዝ አይሰካም።

ዋጋው? ጥሩ የቤንዚን ብሎወር ከ500 እስከ 600 ዶላር ገደማ ይገዛ ነበር። ጀርባ ላይ የሚታዘለው የባትሪ ዓይነት ከነባትሪውና ከነቻርጀሩ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሄዳል፤ መለዋወጫ ባትሪው ሌላ ነው። ሥራው ውስጥ የቆዩ ሰዎች የሚነግሩት ሌላ ገጽ ግን አለ። የቤንዚን ወጪ ይቀራል፤ ካርቡራተር መጥረግ፣ ካንዴላ መቀየር፣ ዘይት መደባለቅ፣ ጠዋት ገመድ እየሳቡ አልነሳ ማለት ይቀራል። 560 ዋት ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ መሙላት አሥር ሳንቲም ገደማ ነው። ገንዘቡ በዓመታት ይመለሳል። ችግሩ መጀመሪያ ላይ በአንድ ጊዜ መውጣቱ ነው፤ ትልቅ ድርጅት ይችለዋል፣ አንድ ፒክአፕና አንድ ወንድም ይዞ የሚሠራ ሰው ግን ይከብደዋል።

ስለዚህ ለውጡ በማሽኑ ብቻ ሊያልቅ አይችልም። ግቢውም መለወጥ አለበት። አንድ ቅጠል የማይታይበት ሣር የተለመደው ማሽኑ ስለተገኘ ነው፤ ተፈጥሮ አልጠየቀችውም። ስስ ሆኖ የወደቀ ቅጠል በሣር ማጨጃ ሲታጨድበት ተሰባብሮ ሣሩ ሥር ይገባል፤ ማዳበሪያ ይሆናል። በዛፍና በአበባ ሥር ያለውም ቢተው መልካም ነው፤ ብዙ ቢራቢሮዎች፣ የእሳት እራቶችና ሌሎች ነፍሳት ክረምቱን የሚያሳልፉት በዚያው ውስጥ ነው፤ በጸደይ የሚመጡት ወፎችም እነሱን ይበላሉ። የሚጠረገው እግረኛ የሚሄድበት፣ ደረጃውና የውኃ መውረጃው ብቻ ቢሆን የብሎወሩ ሥራ ብዙ ይቀንስ ነበር። ይህን መወሰን የሚችለው ግን አትክልተኛው አይደለም። ደንበኛው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ዛሬ ግቢ ያለው ቤት አላቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ የሚያጭድ ሰውም ቀጥረዋል። አንዳንዶቻችን ራሳችን በታክሲና በፓርኪንግ ሥራ የጀመርን ሰዎች ነን። ሥራ ላይ ድንገት የሚመጣ አዲስ ደንብ ምን እንደሚያስወጣ እናውቃለን።

ታዲያ አትክልተኛው ዘንድሮ ዋጋዬን ጥቂት ልጨምር ሲል ርካሽ የሚሠራ ሌላ ሰው ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት ምን እንዳወጣ እንጠይቀው። የትኛው ጥግ ባይጠረግ ግድ እንደማይሰጠን እንንገረው። ከቤቱ ውጭ ያለውን ሶኬት ደግሞ እናሳየው፤ ምሳውን በልቶ እስኪነሣ አንዱ ባትሪው ግማሽ ይሞላለታል፣ እኛ ላይ የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ደግሞ ከአሥር ሳንቲም አያልፍም።